በአንድ ገበታ ሁለት ረሃብ

በጅማ ከተማ፣ በቦሳ ኪቶ፣ ማለዳ ጎረቤቱ ደጅ ቆሞ «አካም ቡልተኒ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ «ነጋ» ነው፤ ሰላም ማለት ነው። በአማርኛ «እንዴት አደራችሁ?» ቢልም «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» አለዚያም «አልሐምዱሊላህ» ይባላል። ጦሙን ያደረውም፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር የነጋበትም መልሱ ያው ነው። የቀረውን «ሆድ ይፍጀው» ይላል። እንግዲህ የሕዝብን ደህንነት አጠናለሁ ብሎ የተነሣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጋፈጠው ይህን ጨዋነት ነው።

ጥያቄው በአገራችን ቆየት ያለ ታሪክ አለው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በ1960ዎቹ ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረባው ከቫን ሉይክ ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አንድ የገጠር መንደር ውስጥ ስለ አእምሮ ሕመም አጥንተው ነበር። ኋላም የዓለም ጤና ድርጅት «አዎን» ወይም «የለም» የሚባልባቸው 20 ጥያቄዎች አዘጋጀ፤ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና የመሳሰሉት ናቸው። ፍራንክ ኮርትማን የተባለ ሌላ ሆላንዳዊ ግን ይህንኑ መጠይቅ በኢትዮጵያ መርምሮ፣ ጠያቂው ያሰበውና ተጠያቂው የተረዳው ብዙ ጊዜ እንደማይገናኙ በ1987 ጻፈ።

ጅማም በዚህ ረገድ የራሷ ድርሻ አላት። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያሰማራ በማስተማር ይታወቅ ነበር። ኢንስቲትዩቱ በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2005 ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በጅማ፣ በሰርቦ፣ በየቡና በዙሪያቸው ባሉ ገጠሮች ከ2,000 በላይ ወጣቶችን ማጥናት ጀመረ። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ነበር።

የዚህ ጥናት ብልሃት የቤቱን ኃላፊ ብቻ ጠይቆ አለመመለሱ ነው። ወጣቶቹንም ራሳቸውን ጠየቀ። በቤተሰባቸው የምግብ እጦት ረገድ ወንዶቹና ሴቶቹ አይለያዩም ነበር። «አንተስ? አንቺስ?» ሲባል ግን ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ምግብ እንደሚያጡ ተናገሩ። ልዩነቱም ይበልጥ የሰፋው ችግሩ በጠናበት ቤት ነበር። ምግብ ያጡት ወጣቶች፣ በቂ ካገኙት ይልቅ ባለፈው ወር ታምመን ነበር፣ ድካም ይሰማናል ያሉት ወደ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። በዚያው በጅማ አካባቢ አዋቂዎችን የተመለከተ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የምግብ እጦት ከጭንቀትና ከድብርት ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ በ2008 አስነብቧል፤ ሌሎች የኑሮ መከራዎች ግምት ውስጥ ገብተውም ዝምድናው አልጠፋም።

አንባቢ ልብ ይበል፤ የእነዚህ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ቤቶች በምግብ እጦት አይለያዩም ነበር። አባወራው «ቤተሰቤ ደህና ነው» ሲል አልዋሸ ይሆናል፤ ሌማቱ ከእርሱ ፊት ከተነሣ በኋላ የሚሆነውን ግን አላየም። በብዙ ቤት ወጥ የምታወጣው ልጅ የምትበላው የተረፈውን ነው። «የጅማ ሕዝብ»፣ «የገጠሩ ሕዝብ» እያልን የምንቆጥረው አማካይ ይህችን ልጅ አያሳየንም።

ስለዚህ ሰላምታችን ይቆይ፤ ደግ ነው። ነገር ግን «ደህና ነን» ከተባለ በኋላ፣ ቡናውን ቀድታ ጓዳ ወደ ተመለሰችው ልጅ ዞር ብሎ «አንቺስ በልተሻል?» ማለት ይገባል።