እንቁላልና ወተት፦ የፕላቲፐስ ሙግት

ፕላቲፐስ በምሥራቅ አውስትራሊያና በታዝማኒያ ወንዞች ዳር የሚኖር፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው እንስሳ ነው። አፉ የዳክዬ ምንቃር ይመስላል፤ ሲነኩት ግን እንደ ቀንድ የደረቀ ሳይሆን ለስላሳ ቆዳ ነው። ጸጉሩ ድርብ ስለሆነ ውሃ አያስገባም፤ የእግሮቹ ጣቶች በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ ወንዱ በኋላ እግሮቹ ቁርጭምጭሚት ላይ መርዛም እሾህ አለው። እንስቷ እንቁላል ትጥላለች፤ የተፈለፈሉትን ግልገሎችም በወተት ታሳድጋለች። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዛሬ በተማሪ መጽሐፍ ውስጥ ያለምንም ማብራሪያ ትታለፋለች። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን እሷን ለመቀበል 85 ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

እንቁላል ጣይ አጥቢዎች በሳይንስ ስማቸው ሞኖትሪም ይባላሉ። ዛሬ የቀሩት ፕላቲፐስና አራት የኤኪድና ዝርያዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከአውስትራሊያና ከኒው ጊኒ ውጭ የትም አይገኙም። ኤኪድና ሰውነቱ በእሾህ የተሸፈነ ጉንዳን፣ ምስጥና ትል በላ ነው። ያየው ሰው ጃርት ቢለው አይፈረድበትም፤ በዘር ግን ከጃርት ጋር አይገናኙም። የሞኖትሪም ወገን ድሮ ሰፋ ያለ አገር ነበረው፤ በደቡብ አርጀንቲና 61 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የፕላቲፐስ ዘመድ ጥርስ ተገኝቷል። ያኔ ደቡብ አሜሪካ፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ ገና አልተለያዩም ነበር። በኋላ አውስትራሊያ ተገንጥላ ብቻዋን ወደ ሰሜን ስትጓዝ፣ ሌላው ዓለም ያጣቸውን እንስሳት ይዛ ሄደች።

አውሮፓውያን ፕላቲፐስን ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1797 ነው። የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ግዛት ገዥ የነበረው ጆን ሃንተር ከሲድኒ ሰሜን ምዕራብ፣ በሃውክስበሪ ወንዝ አጠገብ ባለ ሐይቅ ዳር ቆሞ አንድ የአገሬው ተወላጅ ጦሩን ይዞ ሲያደባ ተመለከተ። ሰውየው እንስሳው አየር ሊስብ ብቅ የሚልበትን ቅጽበት በትዕግሥት ጠብቆ ወጋው። የአገሬው ሰው ይህን አውሬ መቼ ብቅ እንደሚል፣ የት እንደሚያድር፣ ጉድጓዱን እንዴት እንደሚቆፍር ያውቅ ነበር። ይህ እውቀት ወደፊት ለሚነሳው ሙግት ቁልፍ ሊሆን በቻለ ነበር፤ ብዙ ጠያቂ ግን አላገኘም፤ የጠየቀውም አላመነውም።

ሃንተር የደረቀ ቆዳና በእጁ የሣለውን ሥዕል በ1798 ወደ እንግሊዝ ላከ። በብሪቲሽ ሙዚየም የእንስሳት አዋቂ የነበረው ጆርጅ ሾው በቀጣዩ ዓመት ስለ እንስሳው ሲጽፍ ጥርጣሬውን አልደበቀም፤ የዳክዬ ምንቃር ባለአራት እግር አውሬ ላይ የተሰፋ መስሎት ስፌት ፈልጓል። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። በዚያ ዘመን የምሥራቅ ባሕር ነጋዴዎች የዝንጀሮን ገላ ከዓሣ ጭራ ጋር ሰፍተው «የባሕር እመቤት» እያሉ ለመርከበኞች ይሸጡ ነበር። ሾው ስፌት ሲያጣ ፕላቲፐስ፣ ማለትም «ጠፍጣፋ እግር» የሚል ስም ሰጠው። ስሙ ቀደም ብሎ ለአንድ ጥንዚዛ ተሰጥቶ ስለነበር በሳይንስ መዝገብ ላይ ሊጸና አልቻለም፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በእሱ ነው።

ስፌት አለመኖሩ ሲረጋገጥ የባሰው ጥያቄ መጣ። በ1802 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ኤቨራርድ ሆም በአልኮል ተጠብቀው የመጡ ፕላቲፐሶችን ከፍቶ መረመረ። የጡት ጫፍ አላገኘም። ሽንት፣ ዓይነ ምድርና ዘር የሚወጡት ደግሞ እንደ ወፍና እንደ እንሽላሊት በአንድ ቀዳዳ ነው። «ሞኖትሪም» የሚለው ስምም የወጣው ከዚሁ ነው፤ በግሪክኛ «ባለ አንድ ቀዳዳ» ማለት ሲሆን፣ ያወጣው ፈረንሳዊው ዤፍሯ ሴንት ኢሌር ነበር። አጥቢ እንዳይሉት ጡት የለውም፤ ወፍ እንዳይሉት ክንፍና ላባ የለውም። ከሁለት ያጣ ሆኖ ቀረ።

በ1824 ጀርመናዊው የአካል ሊቅ ዮሐን ፍሪድሪክ ሜኬል በእንስቷ ሆድ ቆዳ ሥር የወተት ዕጢ አገኘ። ነገሩ እዚህ ላይ የተቋጨ ይመስል ነበር፤ ዤፍሯ ግን ዕጢው የወተት አይደለም ብሎ ተከራከረ። በእሱ እምነት እንቁላል የሚጥል ፍጡር ወተት ሊኖረው አይችልም። የለንደኑ ሪቻርድ ኦወን በ1832 ዕጢው የወተት መሆኑን አረጋገጠ፤ ከዚያ ተነስቶ ደግሞ ወተት ያለው ፍጡር እንቁላል አይጥልም ወደሚለው አዘነበለ። በኦወን ግምት እንቁላሉ በእናቱ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ ግልገሉ ሕያው ሆኖ ይወለዳል። የሚገርመው ሁለቱም ግማሹን እውነት ይዘው ነበር። ጡት ጫፍ ያልተገኘውም ስለሌለ ነው፤ ወተቱ ከሆድ ቆዳ ላይ እንደ ላብ ይፈስሳል፣ ግልገሎቹም ከጸጉሩ ላይ ይልሱታል።

የኦወን ወዳጅ የነበረው ሐኪም ጆርጅ ቤኔት በ1832 አውስትራሊያ ገብቶ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ የአገሬውን ሰዎችም ጠየቀ። እርስ በርሱ የሚጋጭ መልስ ተሰጠኝ ብሎ ምስክርነታቸውን ወደ ጎን ተወው። በ1864 ደግሞ ከቪክቶሪያ የወርቅ ማዕድን ሰፈር አንድ ሐኪም ለኦወን ደብዳቤ ጻፈ፤ ታስራ የነበረች ፕላቲፐስ ሁለት ነጭና ለስላሳ እንቁላሎች ጥላለች የሚል ነበር። ኦወን ደብዳቤውን አሳተመው፤ ትርጓሜው ግን እንስሳዋ በድንጋጤ አስወርዳለች የሚል ሆነ።

እልባቱ የመጣው በ1884 ነው። ከካምብሪጅ የመጣው ወጣት ዊልያም ኮልድዌል በኩዊንስላንድ በርኔት ወንዝ ዳር ሰፍሮ ብዙ የአገሬው ተወላጆችን ለአደን አሰማራ። ለአንዲት እንስት ኤኪድና ግማሽ ክራውን ይከፍላቸው ነበር፤ እነሱ ያመጡለት ኤኪድናም ከሺህ በላይ ነበር። ስንቁን የሚሸጥላቸውም እሱ ራሱ ስለነበር የዱቄቱን፣ የስኳሩንና የሻይውን ዋጋ ከፍ አድርጎ፣ የሚያገኙት ገንዘብ ከእለት ጉርሳቸው እንዳያልፍ አደረገ። ጠግበው ሥራ እንዳያቆሙ ያደረገው መሆኑን በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ሳያፍር አስፍሮታል። በኦገስት ወር አንዲት ፕላቲፐስ ተኩሶ ገደለ፤ አንዱን እንቁላል ጥላዋለች፣ ሁለተኛው ሊወጣ የማህፀኗ አፍ ላይ ደርሷል። ኮልድዌል የቴሌግራም ዋጋ ውድ በነበረበት ዘመን አራት ቃል ብቻ ላከ። ሞኖትሪሞች እንቁላል ጣይ መሆናቸውንና እንቁላላቸው እንደ ወፍና እንደ እንሽላሊት አስኳል ይዞ በከፊል ብቻ እንደሚከፋፈል የሚገልጽ ነበር። መልእክቱ በሲድኒ በኩል ካናዳ ደርሶ፣ ሞንትሪያል ላይ በተሰበሰቡት የብሪታንያ ሳይንቲስቶች ፊት ሴፕቴምበር 2 ተነበበ።

በዚያው ቀን በአውስትራሊያ ሌላ ጫፍ፣ አዴሌድ ላይ፣ የሙዚየም ኃላፊው ዊልሄልም ሃኬ ለአካባቢው የሳይንስ ማኅበር የእንቁላል ቅርፊት አሳየ። ከካንጋሮ ደሴት የመጣች ኤኪድና በእጁ ገብታ ሆዷ ላይ ያለውን ከረጢት ሲዳስስ ነበር ያገኘው። ከድንጋጤው የተነሣ በጣቶቹ ጨምቆ ሰነጠቀው። ሁለቱ ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ሥራ አያውቁም ነበር።

የፕላቲፐስ እንቁላል ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ቅርፊቱም እንደ ስስ ቆዳ ይለመጣል። እናቲቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥላ፣ ጭራዋን ወደ ሆዷ አጥፋ ለአሥር ቀን ያህል ታቅፋቸዋለች። ይህ ሁሉ በወንዝ ዳር ጉድጓድ ውስጥ በጨለማ ስለሚፈጸም፣ ከኮልድዌል በኋላም ሰው በቅርብ ሊከታተለው አልቻለም። የእንስሳት ተመራማሪው ዴቪድ ፍሌይ በቪክቶሪያ ሂልስቪል ጃክና ጂል የተባሉ ፕላቲፐሶችን አጋብቶ በሰው እጅ የመጀመሪያውን ግልገል ያስፈለፈለው በ1943 ነበር። ያንን ሥራ መድገም ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወሰደ። ኮልድዌል በበኩሉ ወደ ስኮትላንድ ተመልሶ ሳይንሱን ተወና የወረቀት ፋብሪካ ባለቤት ሆነ።