ከገራዶ እስከ ሐይቅ



በባሕር ጠረፍ ከተማ የሚኖር ሰው የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ወደ ውሃው ዳር ወርዶ መናፈሱ የታወቀ ነው። ደሴ ግን በተራራ መካከል ያለች ከተማ ናትና፣ ነዋሪዋ ነፋሻ ሥፍራ ሲሻ ከጦሳ ወዲያ ወደ ተዘረጋው ወደ ገራዶ ይሄዳል። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ወር ገራዶን ያየ ሰው፣ የሜዳውን ልምላሜና የአበባውን ዐይነት አይቶ አይጠግብም። ለዐይን ይህ ይበቃል። ውሃና ታሪክ አንድነት ለሚፈልግ ግን ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያሻዋል።

መንገዱ በቦሩ ሜዳ በኩል ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስለ ሃይማኖት ክርክር ታላቁን ጉባኤ ያደረጉት በዚህ ሥፍራ ነበር። ከዚያ አልፎ ጥቂት ሲጓዙ ሐይቅ ይታያል።

«ሐይቅ» የሚለው ቃል በግእዝ የባሕር ዳር፣ ጠረፍ ማለት ነው። እንግዲህ ወሎም የራሱ የባሕር ዳር አለው ብንል ከእውነት አንርቅም። የውሃው ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ቤት ባደረጉት ጊዜ፣ ሥፍራው በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው እግር ሥር ተምረዋል።

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ ደሴት ገልጾ ጽፏል። መነኮሳቱ ብርቱካንና ሎሚ ያለሙ እንደ ነበር፣ የሚሻገሩትም ትልልቅ ቅል በታሰረበት የቄጠማ ታንኳ እንደ ነበር ይናገራል። ጉማሬንም በአገሬው ስም ጠርቶ ከሐይቁ አራዊት ቆጥሮታል፤ ዛሬ ግን ጉማሬ ለማየት የሚሄድ ሰው በከንቱ ይደክማል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኢማም አሕመድ በመጣ ጊዜ ያ ውሃ ለገዳሙ እንደ ቅጥር ሆነለት። ሠራዊቱ ለመሻገር ታንኳ ማበጀት ግድ ሆነበት፤ በመጨረሻም መነኮሳቱ የገዳሙን ወርቅ አስረከቡ።

ዛሬ ያ ቅጥር የለም። ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ስለ ተገናኘ፣ ተሳላሚው በእግሩ ይገባል። (ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡምና፣ እኅቶቻችን ውበቱን ከዳር ሆነው ያያሉ።) ተሳላሚው በዚያች ቀጭን መሬት ላይ ሲራመድ የሚረግጠው የቀድሞውን የሐይቅ ወለል መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ፣ የገባው ውሃ በፀሐይ ይተናል። ስለዚህ ከመጋቢው የሚጎድል ሁሉ በዳርቻው ላይ ይታወቃል። ከመጋቢዎቹ አንዱ፣ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ጅረት ነው። ገበሬው ደግሞ ይህንኑ ጅረት ለመስኖ ይፈልገዋል፤ ማሳውን አታጠጣ የሚለውም አይኖርም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ዓሣ ከተጨመረበት ወዲህ በሐይቁ የሚተዳደሩ ዓሣ አጥማጆችም አሉ። ስለዚህ ጎብኚው ሐይቅን ብቻ አይቶ ባይመለስ፣ ወደ አርዲቦም ወጥቶ ጅረቱን ቢከተል፣ ከላይ የሚቀዳው ውሃ ከታች ምን እንደሚያጎድል በዐይኑ ይረዳል።