የአንኮበር ዳገትና የጣርማ በር መንገድ

የሸዋ ነገሥታት መናገሻቸውን አንኮበርን በተራራ ጫፍ ላይ ያደረጉት ከጠላት ለመጠበቅ ብቻ አልነበረም። ከተራራው ግርጌ ቆላው እስከ አዋሽ ወንዝና እስከ አፋር ምድር ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከታጁራ ወደብ የሚነሣ ሲራራ ነጋዴም ወደ ሸዋ ደጋ ለመግባት በዚያ ዳገት ይወጣ ነበር። ስለዚህ አንኮበርን የያዘ ንጉሥ የአገሩን በር የያዘ ነበር። የስሙም ትርጓሜ «የአንኮ በር» ማለት ነው፤ አንኮ የተባለችው አስቀድሞ በዚያ ስፍራ የነበረች የኦሮሞ እመቤት እንደ ሆነች ይነገራል።

ንግዱና ቀረጡ የነበረው ግን በተራራው ራስ ላይ ሳይሆን ከበታች፣ ዐርብ ዐርብ ገበያ በሚቆምባት በአልዩ አምባ ነው። ከባሕር የመጣው ጨርቅ፣ መዳብና ዶቃ፣ ከቆላው የመጣውም ጨው ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ መናገሩ የሚያሳፍር ቢሆንም ባሮችም ጭምር ወደ ታች ይወርዳሉ። የገበያው ሰዎች አብዛኞቹ እስላሞች ነበሩ። ከ1806 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1840 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዚያን ቆላ ግዛት የሰጡት ከጥንቱ የይፋት ሹማምንት ዘር ለሚቈጠረው ለወላስማ መሐመድ ነበር። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ በዙፋኑ ላይ ያምፃሉ ተብለው የሚፈሩት የንጉሡ ዘመዶች ታስረው የሚኖሩበት የጎንጮ አምባ በዚሁ ሰው እጅ መጠበቁ ነው። ክርስቲያኑ ንጉሥ የገዛ ወገኖቹን ለክርስቲያን መኳንንት ከማመን ይልቅ፣ ዙፋኑን ሊመኝ ለማይችል ለእስላም ሹም አደራ መስጠትን መረጠ። በብልሃት ረገድ ሲታይ ነቀፋ የለበትም።

በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ሦስት መቶ ጠመንጃና ትንንሽ መድፎች ለገጸ በረከት ይዞ ወደ ሸዋ ወጣ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ከንጉሡ ጋራ ተዋዋለ። ከዚህ ውል ስለ ንግዱ ከተጻፈው ይልቅ ስለ ሸዋ ሰው ኑሮ የሚገልጠው ነገር ይበልጣል። ሃሪስ እንደ ጻፈው እስከዚያ ዘመን ድረስ በሸዋ ሕግ ተራ ሰው ውድ ዕቃ ገዝቶ በአደባባይ እንዳያሳይ የተከለከለ ነበር። በአገሩ የሞተ የውጭ አገር ሰው ገንዘብም ለቤተ መንግሥት ይወረስ ነበር፤ ከግዛቱም ወጥቶ ለመሄድ የንጉሥ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ውሉ እነዚህን ይሽራል ተባለ። መልእክተኛው ግን በ1835 ዓ.ም. ተመልሶ ሄደ፤ ውሉም በወረቀት ላይ ቀረ። ሆኖም ንጉሡ በዚያ ሰሞን ከጎንጮ እስረኞች ሰባቱን መፍታታቸው ከዚህ መልእክት የተገኘ አንድ እውነተኛ ፍሬ ነው።

ሣህለ ሥላሴ የእጅ ጥበብ ነገር እጅግ ይወዱ ነበር። ስለ እርሳቸው ከተጻፉት የመንገደኞች ታሪኮች አንዱ በአንኮበር ስለ ተሠራው የውሃ ወፍጮ ይናገራል። ድንጋዩ ያለ ሰው እጅ ሲዞር ያዩ ካህናትና ሕዝብ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ጠሉት ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ቀረ ይላል። ጸሐፊዎቹ በዚህ ሲሣለቁ፣ እህሉን በእጅ ወፍጮ ሌሊቱን ሁሉ ሲፈጩ የሚያድሩትን ሴቶች ሐሳብ አልጠየቁም፤ የከለከሉትም አልጠየቁም።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ ተወለዱ። የአያታቸው ጠባይ ለእርሳቸው እንደ ተላለፈ በ1871 ዓ.ም. ወደ አንኮበር ከመጣው ከስዊሱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ታሪክ ይታወቃል። ምኒልክ የዚህን ሰው ችሎታ ለመፈተን አስቀድመው አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሠራ አዘዙት ይባላል። ኢልግ መሐንዲስ እንጂ ጫማ ሰፊ አይደለሁም ቢል ሰሚ አላገኘም፤ ሰፍቶ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጠመንጃ ሥራ ተባለ። ይኸው ሰው ነው በመጋቢት 1886 ዓ.ም. የምድር ባቡርን የመሥራት ፈቃድ ከምኒልክ የተቀበለው። ነገሩ ለአንኮበር መራራ ሆነ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ በድሬ ዳዋና በአዋሽ በኩል በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ አሮጌው የአልዩ አምባ ዳገት ለባሕር ንግድ የማያስፈልግ ሆነ። የአንኮበርን በር የዘጋው ጠላት ሳይሆን በአንኮበር በእንግድነት የተቀበሉት ሰው ነበር።

በዚያው ዘመን ገበሬውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የቀረጥ ነገር አልነበረም፤ ወታደር በየቤቱ እየተመራ ሲቀመጥበት፣ በልቶ እስኪጠግብ ማብላት፣ ፈረሱንም መቀለብ ነበረበት እንጂ። ከክፉ ቀን በኋላ፣ ከብቱ አልቆ ሰውም በረኃብ ካለቀ ወዲህ፣ ይህ ሊቻል አልቻለም። ስለዚህ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገበሬው ከእህሉ ዐሥራት ለመንግሥት እንዲከፍል፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ አዋጅ አስነገሩ። ዐሥራት የሚለው ስም በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ሲሆን፣ የዚህ ዐሥራት መነሻ ግን የወታደር ሆድ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በተለካ መሬት ላይ በጋሻ ለለም 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር ግብር ተደነገገ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ዐሥራቱ ወደ ገንዘብ ተለውጦ ሲጨመርበት 50፣ 40ና 15 ብር ሆነ። በእህል የሰጠው የነበረውን በብር ለማግኘት ገበሬው አስቀድሞ ወደ ገበያ መውረድ ግድ ሆነበት።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል ኢትዮጵያ የገባው በታኅሣሥ 1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት በረሃ አሳልፎ አዲስ አበባ አደረሳት፤ አጼ ምኒልክም ተቀመጡባት። በውሃ ወፍጮ ላይ የተነሣው ጥርጥር በዚህች ላይ ብዙ አልጸናም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የተሳፈሩባትን የሰይጣን ናት ለማለት ማን ይደፍራል?

ወደ ሰሜን ሸዋ የሚወስደው የመኪና መንገድ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ ተሠራ፤ ዋና ሥራውም የጦርነት ሆነ። አጼ ኃይለ ሥላሴ ኅዳር 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በዚህ መንገድ ወደ ደሴ ዘመቱ። ከማይጨው በኋላ ግን ደሴ በጠላት እጅ ስለ ነበረች በመጡበት አልተመለሱም፤ በላሊበላና በወረ ኢሉ አድርገው በበቅሎና በእግር ፍቼ ደረሱ። መንገዱን የተጠቀመበት ባዶልዮ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ያስነሣው ጭፍራ ከ1,700 የሚበልጡ መኪናዎችና ካሚዮኖች ነበሩት። ኢትዮጵያውያን ጣርማ በር ላይ መንገዱን አፍርሰውት ስለ ነበር ያ ሁሉ መኪና በዳገቱ ላይ ተሰልፎ ቆመ፤ ወታደሮቹም ወርደው በእጃቸው ድንጋይ እየደረደሩ ገደሉን እስኪሞሉ ድረስ ከአንድ ቀን በላይ አለፈ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በኋላም ኢጣልያኖች ያንኑ ተራራ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሰርስረው ዋሻ አበጁለት፤ መንገደኛው እስከ ዛሬ በዚያ ያልፋል።

ካሚዮን በዚያ አገር ያደረገው ሌላው ነገር ግን ከዋሻው ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ደብረ ሊባኖስ የተሰበሰቡትን መነኮሳትና ምእመናን ግራዚያኒ እንዲገደሉ አዘዘ። በበዓሉ ማግሥት፣ ግንቦት 13 ቀን፣ በካሚዮን እየተጫኑ ወደ ለጋ ወልዴ ሸለቆ ተወስደው ተረሸኑ። ወጣቶቹ ዲያቆናት ለጊዜው ተለይተው፣ አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ወደ ሠሩባት ወደ ደብረ ብርሃን በካሚዮን ተጓዙ። እነርሱም ከጥቂት ቀን በኋላ በከተማዪቱ አጠገብ እንገጫ በተባለ ስፍራ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮማ በላከው ቴሌግራም የደብረ ሊባኖሶቹን 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፣ የእንገጫዎቹን ዲያቆናት 129 ብሎ ቈጠራቸው፤ በኋላ ዘመን የተደረገው ምርመራ ግን የሟቾቹን ቍጥር ከሺህ በላይ አድርሶታል።