በሰው ወንበር የተቀመጠው ትራምፔተኛ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ። የማወጋችሁ ስለ አንድ ትራምፔተኛ ነው። ዓመቱን ስጠራ ሁሉንም እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ። አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ ቴክሳስ፣ የተወለደባት ከተማ ፌርፊልድ፣ ዘመኑ 1924፣ ስሙ ኬኒ ዶርሃም።

ይህ ሰው አንድ ዕጣ ነበረው፤ ወንበር በተለቀቀ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው። በ1948 መጨረሻ ማይልስ ዴቪስ የቻርሊ ፓርከርን ባንድ ጥሎ ወጣ። ያን ጊዜ ከፓርከር ጎን ቆሞ ትራምፔት መንፋት ቀልድ አይደለም። ማን ይተካ? ዶርሃም! የ24 ዓመቱ ወጣት ገባ፣ ነፋ፣ አላሳፈረም። በሜይ 1949 ፓርከር ለጃዝ ፌስቲቫል ፓሪስ ሲሻገር ይዞት ሄደ። እዚያስ ማን ቢጠብቃቸው ጥሩ ነው? ያው ማይልስ፣ ከሌላ ባንድ ጋር! ወንበሩን ለቆለት እንኳ ከፊቱ አልጠፋም።

ቀጥሎ አርት ብሌኪና ሆራስ ሲልቨር ጃዝ መሴንጀርስ የተባለውን ባንድ ሲያቋቁሙ ትራምፔቱን የያዘው ዶርሃም ነበር። ግን የዚያ ባንድ ስም ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስታውሳቸው ኋላ የመጡት ሊ ሞርጋንና ፍሬዲ ሃባርድ ናቸው። በፓርከር ባንድ ከሰው ኋላ መጥቶ ተረሳ፤ በዚህኛው ቀድሞ መጥቶ ተረሳ።

እሱም «እንግዲህ የራሴን ልያዝ» አለና ጃዝ ፕሮፌትስ የተባለ ባንድ መሠረተ። በሜይ 31 ቀን 1956 ኒው ዮርክ፣ ካፌ ቦሄሚያ ውስጥ ሲጫወቱ ብሉ ኖት የተባለው የሸክላ አሳታሚ ቀዳቸው። መንገዱ የተከፈተ መሰለ። ወር ሳይሞላ፣ በጁን 26፣ የ25 ዓመቱ ክሊፎርድ ብራውን በመኪና አደጋ ሞተ። የዘመኑ ብርቅ ትራምፔተኛ ነበር። እሱ ይነፋበት የነበረው የማክስ ሮች ባንድ ሐዘን ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩም ባዶ ሆነ። ማን ተጠራ? አወቃችሁት። ዶርሃም የራሱን ባንድ ትቶ የሟች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚህ የከበደ ወንበር የለም፤ የሚሰማህ ሁሉ በልቡ ሌላ ሰው እየሰማ ነውና።

የካፌ ቦሄሚያው ምሽት ያኔ በአንድ ሸክላ ብቻ ነበር የወጣው። የቀረው ቴፕ ብሉ ኖት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ኖረና ከዓመታት በኋላ ምሽቱ ሙሉውን በሁለት ሲዲ ታተመ። ድጋሚ ኅትመት የሚባለው ነገር ለዶርሃም የሠራው ውለታ እዚህ ላይ ነው። ዶርሃምን ስንሰማው የኖርነው በሰው ባንድ ውስጥ፣ ከሰው ጋር እያነጻጸርን ነበር። በራሱ ስም ያወጣቸው ሥራዎች አንድ ላይ ሲመለሱ ግን ማነጻጸሩ ይቀርና ሰውዬው ራሱ ብቅ ይላል።

ከእነዚህ አንዱን ላንሳ፤ «ኳየት ኬኒ»ን። በኖቬምበር 1959 በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ የተቀዳ ነው፤ ፒያኖው ላይ ቶሚ ፍላናጋን፣ ቤዙ ላይ ፖል ቼምበርስ፣ ድራሙ ላይ አርት ቴይለር። ሳክስፎን የለም፤ የሚሸፍነውም የሚፎካከረውም የለም። የመጀመሪያው ኅትመት ዛሬ የሰብሳቢዎች ሀብት ነው፤ ተራው አድማጭ ያገኘው «ኦሪጂናል ጃዝ ክላሲክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት እንደገና ሲወጣ ነው።

«አሎን ቱጌዘር» የሚለውን አጫውቱት። ሦስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። ሌላው ትራምፔተኛ ዜማውን አንዴ ብሎ ወደ ፈጠራው ይሮጣል፤ ከፍታውንና ፍጥነቱን ያሳያል። ዶርሃም ከዜማው ብዙም አይርቅም። ያንኑ ሁሉ የሚያውቀውን ዜማ ይዞ፣ አንዱን ኖታ ትንሽ አዘግይቶ፣ ሌላውን ጫፉ ላይ አደብዝዞ፣ ማታ ቡና ላይ ወዳጁን እንደሚያጫውት ሰው ድምፁን ሳያነሳ ይጨርሰዋል። አቅም አንሶት እንዳይመስላችሁ! የዲዚ ጊሌስፒን ባንድ ያየ፣ ከፓርከር እሳት የተረፈ ሰው ነው። ፍጥነቱ አለው፤ የማያስፈልግበት ቦታ ግን አያወጣውም። ገበያው የሚከፍለው ለጮኸ ነበርና ይህ ምርጫው ዋጋ አስከፈለው።

ደግሞ ስሙ። በኤፕሪል 1, 1963 «ኡና ማስ»ን ሲቀዳ ያሰለፋቸው ወጣቶች እነማን መሰሏችሁ? ድራም ላይ የ17 ዓመቱ ቶኒ ዊሊያምስ፣ ፒያኖ ላይ የ22 ዓመቱ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ሳክስፎን ላይ ጆ ሄንደርሰን። በሜይ ቶኒና ሄርቢ የት ታዩ? ማይልስ ዴቪስ ዘንድ! በጁን ደግሞ ሄንደርሰን «ፔጅ ዋን» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ሲቀዳ ዶርሃም አብሮት ነፋ፤ የሸክላውን ሽፋን ጽሑፍ ጻፈለት፤ «ብሉ ቦሳ» የተባለ የራሱን ድርሰትም ሰጠው። ዛሬ ጃዝ ጀማሪ ሁሉ የሚለማመደው ዜማ ነው። ብዙዎቹ ግን የሚያውቁት በሄንደርሰን ሸክላ ነው።

ከ1964ቱ «ትሮምፔታ ቶካታ» ወዲህ በራሱ ስም ስቱዲዮ ገብቶ አልበም አላወጣም። ፖስታ ቤት ሠራ፤ ለ«ዳውን ቢት» መጽሔት የሸክላ ሒስ ጻፈ። ኩላሊቱ ታመመ። በዲሴምበር 5, 1972 በ48 ዓመቱ ኒው ዮርክ ላይ አረፈ።

ወሬው ግን በዚህ አላበቃም። በ1967 ብሮንክስ ውስጥ ብሉ ሞሮኮ በሚባል ክለብ ሲጫወት የተቀዳ ቴፕ ነበር፤ ፒያኖው ላይ ሲዳር ዋልተን፣ ቤዙ ላይ ያው ፖል ቼምበርስ። ሬዞናንስ የተባለው አሳታሚ በ2025 አወጣው። ርዕሱም «ብሉ ቦሳ ኢን ዘ ብሮንክስ» ነው። ለሰው የሰጠው ዜማ የገዛ ስሙ ባለበት ሸክላ ርዕስ ላይ ተጽፎ መጣ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ «ያልተዘመረለት» እያልን ማዘኑ ይብቃ፤ ያም ቢሆን ከሌሎች ኋላ ማሰለፍ ነው። ከ«ኳየት ኬኒ» ጀምሩ፤ በ1961 ወደተቀዳው «ዊስል ስቶፕ» እለፉ፤ ያን ሸክላ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞሉት የራሱ ድርሰቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ከማይልስ ይበልጣል ወይ ያንሳል ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ገና አልሰማችሁትምና መልሳችሁ አጫውቱት።