ከስልቻ እስከ ማዳበሪያ ከረጢት፦ ፕላስቲክ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ማሳ

እንደሚታወቀው አያቶቻችን እህል የሚያጓጉዙት በስልቻና በአቁማዳ ነበር። ጭነቱም በጠፍርና በቃጫ ገመድ ይታሰር ነበር። እነዚህ ሁሉ አርጅተው ማሳ ላይ ቢወድቁ በስብሰው አፈር ይሆናሉ።

በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው የወረታ–ወልዲያ መንገድ በነፋስ መውጫ ካለፈ ወዲህ የፋብሪካ ዕቃ በብዛት ገባ። ዳፕና ዩሪያ የተሞላበት ከረጢት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ገበሬው ከረጢቱን በያዘው ነገር ስም ጠራው፤ ዛሬ "አንድ ማዳበሪያ ድንች" ሲባል ስለ ዳፕ የሚያስብ የለም። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር የእርዳታው ስንዴ በተመሳሳይ ከረጢት መጣ። የችግኝ ጣቢያው ጥቁር ፕላስቲክ፣ የውኃ ማቆሪያው ምንጣፍና የገበያው ፌስታልም ተጨመሩ።

ጠቅመውናል፣ አይካድም። ጉዳቱ የሚመጣው ካረጁ በኋላ ነው። ፀሐይ የመታው ከረጢት ይፈረፈራል፣ ክሩን ማረሻ ይቆራርጠዋል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ስሙ በሰፊው የታወቀው በ1996 ዓ.ም. ስለ ባሕር ብክለት በወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ነው፤ መሬቱን ያስታወሰ ግን ዘግይቶ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ብዙ የፕላስቲክ ብናኝ በተቀላቀለበት ምግብ ውስጥ የኖሩ የምድር ትሎች እድገታቸው እንደቀነሰና ከሌሎቹ ይልቅ እንደሞቱ አሳየ። የተጨመረው መጠን በተራ ማሳ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ስለነበረ የእኛም ትሎች አልቀዋል ማለት አይደለም። ሆኖም አፈር የሚያናፍሰውና ውኃ የሚያሰርገው ይኸው ትል ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኮምፖስቱ ነው። ከጉና ትከሻ እስከ በሽሎ ገደል አፈራችን ተሸርሽሮ ሳስቷል፤ ኮምፖስት ዋና መድኃኒቱ ነው። የቤት ጥራጊ ሳይለይ ጉድጓድ ሲገባ ግን ፌስታሉና የከረጢቱ ክር ከእበቱ ጋር ተመልሰው ማሳ ላይ ይበተናሉ። አንዴ ከደቀቀ ደግሞ የሚለቅመው የለም። ማቃጠሉም ጭሱ መርዝ ነው።

አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ አገደ። ሁለቱም ያነጣጠሩት ፌስታል ላይ ነው። የማዳበሪያው ከረጢት ጉዳይ ለእኛው ተትቷል፤ የሚያከፋፍለውም ዩኒየናችን ነው። ያረጀውን በመሠረታዊ ማኅበራቱ መጋዘን መልሶ መረከብ የሚከብድ አይመስለኝም። ማዳበሪያ ሊወስድ የሚመጣ አባል አህያውን ባዶዋን ነው የሚነዳት፤ የአምናውን ቅዳጅ ጭኖባት መምጣት ይችላል።