አሌክሳንድሪያ 1755፦ የጦሩን ወጪ ማን ይክፈል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ በሜትሮ የሚወርድ ሰው ብራዶክ ሮድ የሚባል ጣቢያ ያገኛል። እኔም ለዓመታት ስመላለስ ስሙ የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጄኔራል ኤድዋርድ ብራዶክ ፈረንሳዮችን ከኦሃዮ ሸለቆ ሊያስወጣ የተላከ የእንግሊዝ አዛዥ ነበር። በኤፕሪል 1755 የቨርጂኒያን፣ የሜሪላንድን፣ የፔንሲልቬኒያን፣ የኒውዮርክንና የማሳቹሴትስን ገዥዎች አሌክሳንድሪያ በነጋዴው ጆን ካርላይል ቤት ሰበሰበ። ቤቱ ዛሬም ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ጦርነቱ እናንተን ለመጠበቅ ነውና ለጋራ ካዝና አዋጡ። መልሱም አጭር ነበር፤ ምክር ቤቶቻችን እሺ አይሉም፣ የለንደኑ ፓርላማ ካልገባበት በቀር እንዲህ ያለ ካዝና አይቋቋምም። ብራዶክ ይህንኑ ወደ ለንደን ጻፈ። በጁላይ ሞኖንጋሂላ ወንዝ አጠገብ ድል ተመታ፤ ከአራት ቀን በኋላም በቁስሉ ሞተ።

ቅኝ ተገዥዎቹ ንፉጎች ስለነበሩ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የፔንሲልቬኒያን ክርክር እንይ። ምክር ቤቱ ግብር እንጥላለን፣ ግን የባለርስቶቹ የፔን ቤተሰብ መሬትም ይገበር አለ። ገዥው እምቢ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው መሬት ነጻ ሆኖ ድሃው ብቻ እንዲከፍል ነው የተፈለገው። እኛ ኢንጂነሮች ሸክም ሲከፋፈል አስቀድመን የምንጠይቀው የትኛው ምሰሶ ምን ያህል እንደሚሸከም ነው።

በ1758 ዊልያም ፒት ሌላ መንገድ ሞከረ። ምክር ቤቶቹ ራሳቸው ወስነው ወታደር ያቅርቡ፣ ከወጪው ከፊሉን እንመልሳለን አለ። ያው ንፉግ የተባለው ሕዝብ ሰውም ገንዘብም በገፍ አወጣ።

ጦርነቱ በ1763 ሲያበቃ የእንግሊዝ ዕዳ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። ለንደን የፒትን መንገድ ትታ የአሌክሳንድሪያውን ምክር ያዘች። የ1765ቱ የቴምብር ቀረጥ በዓመት 60 ሺህ ፓውንድ ያስገባል ተብሎ ተገመተ፤ አሜሪካ የሚቀመጠው ጦር ግን ከ200 ሺህ በላይ ይፈጃል። ሲሶውን እንኳ ለማይሸፍን ገንዘብ ያን ሁሉ ቁጣ ቀሰቀሱ! ቀረጡ በዓመቱ ተሻረ፤ ቁጣው ግን አልበረደም።

የእኛው ታሪክስ? አፄ ምኒልክ በ1892 ገበሬው ለሠራዊቱ ቀለብ ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣ አዘዙ። የታሰበው ከተሰሪ ወታደር እንዲገላግለው ነበር፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ወሬው ለባላገሩ የደረሰው በነጋሪት ነው። የጠየቀው የለም።

እኛ ዲያስፖራዎችስ? በ2011 የግድቡን ቦንድ ግዙ፣ በ2018 በቀን አንድ ዶላር አዋጡ ተባልን፤ ብዙዎቻችን በደስታ ሰጠን። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ዜግነቱን ለቀየረው ወገናችን ብዙ መብት ሰጥቷል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አልሰጠም። አንድ የመዋጮ ምሽት ላይ አንድ አዛውንት ተነስተው «ልጆቼ፣ ሒሳቡን ማን ያየዋል?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ጊዜ የለንም ብሎ ወደ ጨረታው አለፈ።