ያው ቀይ አይደለም ወይ?

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። አንድ ድርጅት ለአዲሱ ቅርንጫፉ ታፔላ እንድሠራለት አዘዘኝ። የድርጅቱ ምልክት ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን፣ ለናሙና የተሰጠችኝ አንዲት የአድራሻ ካርድ ነበረች። ካርዷን ይዤ ሱቄ ገባሁ። ከስቲከር ጥቅሎቼ አንዱን በፍሎረሰንቱ መብራት ሥር አስጠግቼ ባየው፣ ቁርጥ እሱን! ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ ሰቀልኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጁ ከታፔላው ሥር ቆሙና ካርዷን ወደ ላይ ዘርግተው «ወንድሜ፣ ይኼ የእኛ ቀይ አይደለም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያው ቀይ አይደለም ወይ?» ብዬ ቀና ስል ፀሐይዋ ለሳቸው ትመሰክራለች። ታፔላው ወደ ብርቱካን ሄዷል። ስቲከሩም ድካሙም ከኪሴ ሆነ፤ የዚያን ወር የሱቅ ኪራይ የከፈልኩት ተበድሬ ነው።

የብሩሽ ሥራ ያስተማሩኝ አዛውንት ይህን ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር። እሳቸው ዘይት ቀለሙን ደባልቀው በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ጥቂት ይቀቡና እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ደጅ አውጥተው በቀን ብርሃን ያዩታል። «እርጥብ ቀለም ይዋሻል፤ የቤት መብራት ደግሞ ከሱ የባሰ ውሸታም ነው» ይሉን ነበር። እኛ ፕሎተር ስንገዛ ምክሩን ከብሩሹ ጋር አብረን ጣልነው።

ኪሳራው አንጀቴን ስላቃጠለኝ፣ ለመሆኑ «አንድ ዓይነት ቀለም» ማለት ምን ማለት ነው? እያልኩ ማገላበጥ ያዝኩ። ቀለምን በስም ብቻ መጥራት እንደማያዋጣ ከተረዱት አንዱ አሜሪካዊው ሠዓሊና የሥዕል መምህር አልበርት ማንሰል ነበር። በ1905 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ አገር ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ቀለም ሦስት መለኪያ አበጀለት፤ ዓይነቱን፣ ንጣቱን ወይም ጥቁረቱን፣ ድምቀቱን።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር ራይት እና ጊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በተናጠል ሰዎችን እያስቀመጡ አንድ ሥራ ብቻ ሰጧቸው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደባለቁ የቀረበላቸውን ቀለም ማመሳሰል። እንግዲህ የኔው ሙያ መሆኑ ነው! ራይት 10 ሰው፣ ጊልድ 7 ሰው፤ በድምሩ 17። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1931 ከነዚህ ሰዎች ውጤት አንድ «መደበኛ ተመልካች» አወጣ። እናት ያልወለደችው፣ በሠንጠረዥ ላይ ብቻ የሚኖር ሰው ነው። ዛሬም ድረስ ብዙ የቀለም መለኪያ መሣሪያዎች የሚያሰሉት በሱ ዓይን ነው።

የኔም ጥፋት የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ዓይናችን ቀለም የሚለይባቸው ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ብቻ ስለሆኑ፣ ከተለያየ ነገር የተሠሩ ሁለት ቀለሞች በአንድ መብራት ሥር ፍጹም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። መብራቱ ሲለወጥ ግን ይለያያሉ። የካርዷ ቀይ የማተሚያ ቤት ቀለም ነበር፤ የኔው ቀይ ደግሞ ፋብሪካ ከፕላስቲክ ጋር ያዋሐደው። ያስታረቃቸው የኔ ፍሎረሰንት ነበር፤ ያጣላቸውም ፀሐይ።

«ታዲያ ለምን ቁጥሩን አልጠየቅህም?» የሚለኝ የሙያ ባልደረባ አይጠፋም። ቁጥሩ የመጣው በ1963 ነው። ሎውረንስ ኸርበርት የተባለ አሜሪካዊ በጥቂት መሠረታዊ ቀለሞች ብዙ ቀለም የሚደባለቅበትን መጠን ወስኖ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶ፣ እንደ ማራገቢያ በሚዘረጋ ናሙና አወጣው። ፓንቶን የምንለው ይኸው ነው። ደንበኛው በአንድ ከተማ፣ አታሚው በሌላ ሆነው በቁጥር ብቻ ይግባቡ ጀመር። ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የተሠራው በወረቀት ላይ ለሚታተም ቀለም ነው። በሚያብለጨልጭና በማያብለጨልጭ ወረቀት ላይ እንኳ ያው ቁጥር ሁለት መልክ አለው። ስቲከር ደግሞ ጭራሽ አይደባለቅም፤ ፋብሪካው ካወጣቸው ጥቅሎች የቀረበውን መምረጥ ነው። በአራት ቀለም የሚያትመው ማሽንም ቢሆን አንዳንድ ደማቅ ብርቱካንና አረንጓዴ አይደርስበትም። ውስጡ መብራት ያለበት ታፔላማ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ቀን ያማረው ሌሊት ገርጥቶ ያድራል።

በዚህ ነገር የተቸገረው የሱቅ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስኮትላንድ ሰንደቅ ዓላማ ሰማያዊ ከሰማይ መልክ እስከ ጥቁር ሰማያዊ ሲለዋወጥ ኖሮ፣ በ2003 የአገሪቱ ፓርላማ ኮሚቴ ፓንቶን 300 ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመሐል፣ ቀይ ከታች ይላል። የትኛው አረንጓዴ፣ የትኛው ቀይ እንደሆነ ግን አንቀጹ አይናገርም።

እኔ ዛሬ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጬ ታፔላው ከሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ደንበኛው በቀትር መጥቶ ያያል፤ መብራት የሚገባበት ከሆነ ማታም ይመለሳል። ሲስማማ ከቁራጩ ጀርባ ይፈርማል። አንዳንዱ «ለቀለም ደግሞ ፊርማ?» ብሎ ይስቃል።

ያ የተመለሰብኝ ታፔላ እስካሁን ሱቄ ውስጥ አለ። በቅርቡ አንድ ወጣት ደንበኛ ከፍሎረሰንቱ ሥር ቆሞ ጣቱን ቀሰረበትና «እንደዚህኛው ቀይ አድርግልኝ» አለኝ። አንድ ቁራጭ ቆርጬ፣ ክንዱን ይዤ ወደ ደጅ አወጣሁት።